ከበይነ መረብ ማኅደር የሚከፈት ገጽ የትናንቱ ነው ወይስ ዛሬ የተሠራ?

በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጨረሻ የተዘጋጀ የአማርኛ ድረ ገጽ ዛሬ ከበይነ መረብ ማኅደር ወጥቶ ሲከፈት፣ አንባቢውን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ፊደል አይደለም። የላቲን ሆሄያት፣ ቅንፎች፣ የገንዘብ ምልክቶችና እንግዳ ጭረቶች ያለ ሥርዓት የተደረደሩበት መስመር ነው። ገጹ የተበላሸ፣ ፋይሉም በእርጅና ብዛት የተቆራረሰ ይመስላል። ይሁንና ከፋይሉ ውስጥ አንዲትም ሆሄ ላትጎድል ትችላለች።

ያ ገጽ ሲጻፍ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ፣ ማለትም በዩኒኮድ ውስጥ ገና አልገባም ነበር። የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም፣ 345 ምልክቶችን ይዞ ነው። ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪዎች የላቲን ሆሄያትን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ ላቲን ሆሄ የመዘገበውን ፎንቱ በስክሪኑ ላይ የግዕዝ ፊደል አድርጎ ይስለዋል። በጊዜው አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ስለነበር ፊደል ገበታው ለሁለት ፎንቶች የሚከፈልበት ጊዜም ነበር። ፎንቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በአንባቢው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ገጹን ለታሪክ የቀዳው መሣሪያ ከሰርቨሩ የወጣለትን ሰብስቧል፤ በአንባቢው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ግን ሊሰበስብ አይችልም።

ማኅደር የሚያስቀምጠው ገጹን ሳይሆን ገጹ የሚሠራበትን ግብዓት ነው። ሊጡ ይቀመጣል፤ እንጀራው በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይጋገራል፤ ምጣዱም የዛሬ ምጣድ ነው። (ብራውዘር የተባለውን መሣሪያ በአማርኛ ማሰሻ ማለት መለመዱ፣ ምጣድ የሚታሰስበትም ነገር ማሰሻ መባሉ፣ እዚህ ላይ ያለ ምክንያት የተገጣጠመ አይመስልም።) ልዩነቱ ተራ ተመልካችን ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ስለ አንድ ጽሑፍ "በዚያን ዕለት እንዲህ ይታይ ነበር" ብሎ መመስከር ለሚገባው ጋዜጠኛ፣ የታሪክ አጥኚ ወይም ጠበቃ ግን ነገሩ ከዚህ ይጀምራል።

የሚቀረጸው ምንድን ነው?

አንድ የዜና ገጽ ሲከፈት ማሰሻው ለሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩም ይመልሳል። የመጀመሪያው ምላሽ ፎቶው፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ማስታወቂያውና ኮዱ የት እንዳሉ የሚናገር ዝርዝር ነው። ማሰሻው ያንን እያነበበ ሌሎች ጥያቄዎችን ይልካል፤ እነርሱም ሌሎችን ይወልዳሉ። አንባቢው አንድ ጊዜ ተጭኖ ያየው ገጽ በመቶ የሚቆጠር ልውውጥ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ማኅደሮች የሚይዙት ይህንን ልውውጥ ነው፤ ጥያቄውንም ምላሹንም፣ ከነሰዓቱና ከነአድራሻው። የሚያስቀምጡበት የፋይል ዓይነት ዋርክ ይባላል። በ2009 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀ ሲሆን፣ ምንጩ በብሩስተር ኬል መሥራችነት በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው የፋይል ዓይነት ነው። ተቋሙ ከ2001 ጀምሮ ዌይባክ ማሽን በተባለው አገልግሎቱ ስብስቡን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል።

ቀረጻው በሁለት መንገድ ይካሄዳል። የመጀመሪያው አሳሽ ሮቦት መላክ ነው። ሮቦቱ የገጹን ጽሑፍ ያነብባል፣ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ይለቅማል፣ እነርሱንም ተከትሎ ይሄዳል። ለ1990ዎቹ ድረ ገጾች ይህ በቂ ነበር። የዛሬው ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይደርሳል፤ ጽሑፉንና ፎቶውን የሚያመጣው ጃቫስክሪፕት የተባለው ኮድ ከተነሳ በኋላ ነው። ኮዱን የማያንቀሳቅስ ሮቦት ባዶ ዕቃ ተሸክሞ ይመለሳል።

ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ መጣ። እውነተኛ ማሰሻ ገጹን ይከፍታል፣ እንደ ሰው ወደ ታች ይወርዳል፣ ይጫናል፣ በዚህ መካከል የሚያልፈው ልውውጥ ሁሉ ይቀረጻል። ልውውጡን በመስመሩ ላይ ሆኖ መጥለፍ አይጠቅምም፤ ዛሬ አብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ የሚገኘው የታሸገ ፖስታ ነው። መቅጃው ወይ በማሰሻው ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ወይም ማሰሻው እንዲያምነው የተደረገ አስተላላፊ ሆኖ በመካከል መቆም።

ማሰሻውን ማሳመን

የተቀረጸውን መልሶ ማጫወት ከመቅረጹ ይከብዳል። በማሰሻው ውስጥ ኮድን ወደሚታይ ገጽ የሚለውጥ ሞተር አለ፤ የክሮም ብሊንክ፣ የፋየርፎክስ ጌኮ፣ የሳፋሪ ዌብኪት ይባላል። ይህ ሞተር ታሪክ የሚባል ነገር አያውቅም። የ2014ን ገጽ ሲሰጡት የዛሬ ገጽ መስሎት ይሠራዋል፤ ኮዱም የጎደለውን ለመጠየቅ ወደ ዛሬው በይነ መረብ ይሮጣል። የማጫወቻው ሥራ መንገድ ላይ ቆሞ ጥያቄውን ሁሉ መያዝና ከማኅደሩ መመለስ ነው።

ዌይባክ ማሽን ይህን የሚያደርገው በዋናነት አድራሻዎችን በመለወጥ ነው። በገጹ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አድራሻ ወደ ማኅደሩ እንዲያመለክት ተደርጎ ይጻፋል፤ በመካከሉም ከዓመት እስከ ሰከንድ የተቀረጸበትን ጊዜ የሚናገር ባለ 14 አኃዝ ቁጥር ይገባል። ከ2020 ወዲህ የተስፋፉት ማጫወቻዎች፣ ለምሳሌ ዌብሪኮርደር የተባለው ፕሮጀክት ያወጣው መሣሪያ፣ በማሰሻው ውስጥ አንድ ዘበኛ ያቆማሉ። ዘበኛው ከገጹ የሚወጣውን ጥያቄ ሁሉ ተቀብሎ ከተቀረጸው ፋይል ይመልሳል። ሩቅ ሰርቨር አያስፈልግም፤ ፋይሉ በተጠቃሚው ላፕቶፕ ላይ ቢሆንም ይሠራል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ኮዱ "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከሚልከው አድራሻ ጋር ያያይዘዋል። ዕጣ እንደሚያወጣ ሁሉ በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥርም ይጨምራል። በተቀረጸበት ጊዜ የተላከው ቁጥርና ዛሬ የሚላከው ስለማይገጥሙ ማኅደሩ "እንዲህ ያለ አድራሻ የለኝም" ይላል፤ ገጹም ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ማታለል ነው፤ ለኮዱ የተቀረጸበት ሰዓት ይነገረዋል፣ ዕጣውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲወጣ ይደረጋል። አልገጥም ላለው አድራሻ ደግሞ ማጫወቻው ከሁሉም የሚቀርበውን ፈልጎ ይሰጣል። ይህ የመጨረሻው ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ይስታል።

ተመሳሳዩን ዘዴ የማሰሻ መሐንዲሶች ለሌላ ጉዳይ ይጠቀሙበታል። አዲሱ የክሮም እትም ከቀድሞው ይፈጥን እንደሆነ ለማወቅ አንድን ገጽ ከነልውውጡ ቀርጸው በሁለቱም እትሞች ያጫውቱታል። በቀጥታ በይነ መረብ ላይ ቢለኩ ልዩነቱ ከማሰሻው ይሁን ከመስመሩ አይታወቅም።

ያልነበረ ገጽ

ማጫወቻው ሲሳሳት ሁልጊዜ ባዶ ገጽ አያሳይም። ባዶ ገጽ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። የከፋው፣ ሙሉ ሆኖ የሚታይና ግን በየትኛውም ቀን ያልነበረ ገጽ ነው።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኘው የኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህ ዓይነት ስህተቶችን ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2012 ይፋ ካደረጓቸው ምሳሌዎች አንዱ በ2008 የተቀረጸ የሲኤንኤን ገጽ ነው። ገጹ ሲከፈት የ2012ን የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ የሚመለከት ማስታወቂያ ይታይበት ነበር። በገጹ ውስጥ ያለው ኮድ ከማጫወቻው ቁጥጥር አምልጦ ማስታወቂያውን ከዚያን ዕለቱ በይነ መረብ አምጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያለውን ከመቃብር ተነስቶ የሚንቀሳቀስ ሙት ብለው ሰይመውታል። አሁን ያሉ ማጫወቻዎች ይህን ማምለጫ በብዛት ዘግተዋል።

ሌላው ስህተት ለመለየት ይበልጥ ያዳግታል። ሮቦቱ የገጹን ጽሑፍ ዛሬ ቀድቶ በውስጡ ያለውን ሥዕል ከወራት በኋላ ሊቀዳው ይችላል። ማጫወቻው ሁለቱን ሲያገናኝ በገጹ አናት ላይ የሚያሳየው የጽሑፉን ቀን ብቻ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ያገኙት የ2004 የአየር ጠባይ ገጽ ጽሑፉ ስለ ካፊያ ሲናገር፣ የራዳር ምስሉ ግን ጥርት ያለ ሰማይ ያሳያል። ምስሉ የተቀዳው ከወራት በኋላ ነበር። በአየር ጠባይ ላይ የሆነው በጦርነት ዘገባ ላይ ቢሆን፣ የአንድ ቀን ጽሑፍ ከሌላ ቀን የሬሳ ፎቶ ጋር ተጋብቶ ሊታይ ይችላል፤ ማንም ሳይዋሽ።

ባዶውም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። የሲኤንኤን የፊት ገጽ ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተቀረጹ ቅጂዎቹ በዌይባክ ማሽን ሲከፈቱ ዜናዎቹ አይታዩም ነበር። ዶናልድ ትራምፕ የተመረጡበት ቀን የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ልውውጡ መቀረጹን ቀጥሏል፤ ድረ ገጹ በኮዱ ላይ ያደረገው ለውጥ ግን ከማጫወቻው ጋር አልተስማማም። ሊጡ ሳይጓደል እንጀራው አልወጣ አለ።

ለፍርድ ሲቀርብ

ጁላይ 17 ቀን 2014 የማሌዥያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 17 በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 298 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት፣ ስትሬልኮቭ በሚል ስም ይታወቅ በነበረው የተገንጣዮች አዛዥ ስም በተከፈተ የቪኮንታክቴ ገጽ ላይ ተዋጊዎቹ አንድ የጭነት አውሮፕላን መትተው እንደጣሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የተመታው የመንገደኞች አውሮፕላን መሆኑ ሲታወቅ ጽሑፉ ጠፋ። ዌይባክ ማሽን ግን ከመጥፋቱ በፊት ቀድቶታል። ቅጂው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ። ኢጎር ጊርኪን የተባለው ይህ አዛዥ በሌሎች በርካታ ማስረጃዎች መነሻነት በኖቬምበር 2022 በኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል።

የዚያ ጽሑፍ ጥንካሬ ቀላልነቱ ነበር፤ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች፣ በመጀመሪያው ምላሽ ውስጥ የነበሩ። ጽሑፉን የሚያመጣው በኋላ የሚነሳ ኮድ ቢሆን ኖሮ፣ "ይህ የተቀረጸው ነው ወይስ ማጫወቻው የገመተው?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም ነበር።

ፍርድ ቤቶችም ይህንን በከፊል ይረዱታል። መቀመጫውን ኒው ዮርክ ያደረገው የአሜሪካ ፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 የዌይባክ ማሽን ቅጂዎች በማስረጃነት መቅረባቸውን ያጸናው፣ የማኅደሩ ባልደረባ በሥር ፍርድ ቤት ቀርበው አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ከመሰከሩ በኋላ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያው ፍርድ ቤት ምስክር ያልቆመለትን ቅጂ አለመቀበልን ደግፎ ነበር።

ለአፍሪካ ቀንድ ጉዳዩ ይበልጥ የሚቀርበው በማኅበራዊ መገናኛዎች በኩል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ፌስቡክ ላይ የተሰራጩ ጥላቻና ጥቃት ቀስቃሽ ጽሑፎችን በተመለከተ በዲሴምበር 2022 በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ ተመሥርቷል። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። በእንዲህ ዓይነት ክርክር አንድ ጽሑፍ መቼ ወጣ፣ ከሥሩ ምን ተባለ፣ እስከ መቼ ቆየ የሚሉት ነጥቦች ክብደት አላቸው፤ ጽሑፉ ደግሞ ከመድረኩ ሊነሳ ይችላል።

ፌስቡክ ግን ለመቅረጽ ከሚያስቸግሩት ዋነኛው ነው። አንባቢው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ማሰሻው አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ ጥያቄዎቹም ወደ አንድ አድራሻ ይሄዳሉ። ልዩነታቸው ከፖስታው ላይ ሳይሆን በውስጡ ካለው ደብዳቤ ነው። በአድራሻ ብቻ የሚለይ ማጫወቻ ለሺህ ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ደብዳቤውንም እያነበቡ ይለያሉ፤ መድረኩ አሠራሩን በለወጠ ቁጥር ግን እንደገና መስተካከል አለባቸው።

በዚህ ላይ ፌስቡክ ለሁሉም አንድ ገጽ አያሳይም። አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚያየውና ዋሽንግተን ያለው የሚያየው፣ ስሙን አስገብቶ የገባና ያልገባ የሚያየው የተለያየ ነው። አንድ ሰው በማሰሻው የቀረጸው ገጽ የእርሱ ገጽ ነው። በ2020 የካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጋር ያወጣው የዲጂታል ምርመራ መመሪያ፣ ማስረጃ ሰብሳቢዎች ከገጹ ጋር አድራሻውን፣ ሰዓቱን፣ ምንጭ ኮዱንና የፋይሉን ዲጂታል አሻራ እንዲይዙ ይመክራል። አሻራው ፋይሉ ከተቀረጸ ወዲህ እንዳልተነካካ ያሳያል። እዚህ ላይ ግን በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ አሻራው የሚመሰክረው ለሊጡ ነው። ዳኛው በስክሪን ላይ ለሚያዩት እንጀራ ዋስ አይሆንም። ጠንቃቃ መርማሪ የማጫወቻውን እትምና የማሰሻውን ዓይነትም ይመዘግባል፤ በቀረጻው ጊዜ የተነሳ የስክሪን ፎቶም አብሮ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ካለ እንዲታወቅ።

ቁልፉን አብሮ መስጠት

ልውውጥን መቅረጽ ገጹን ብቻ አይዝም። ስምና የይለፍ ቃል አስገብቶ የገባ ሰው፣ ማሰሻው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር "ይህ ሰው የታወቀ ነው" የሚል ኩኪ የተባለ መለያ ይልካል። ያ መለያ በተቀረጸው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ፋይሉን ያገኘ ሰው መለያው ጊዜው ካላለፈበት ያለ የይለፍ ቃል ወደ ሂሳቡ ሊገባ ይችላል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ የቀረ ስጋት አይደለም። በኦክቶበር 2023 ኦክታ የተባለው የመለያ አገልግሎት ኩባንያ የደንበኞች ድጋፍ ሥርዓቱ ተሰብሮ፣ ደንበኞች ለችግር ፍለጋ የላኳቸው የተቀረጹ የልውውጥ ፋይሎች ተወስደዋል። ሰርጎ ገቦቹ በውስጣቸው የነበሩትን መለያዎች ተጠቅመው ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ለመግባት ሞክረዋል። በስደት ላይ ሆኖ የአገሩን የፌስቡክ ቡድኖች የሚቀርጽ ግለሰብ ፋይሉን ለጋዜጠኛ ወይም ለመብት ተሟጋች ሲልክ የራሱን ሂሳብ፣ ከዚያም አልፎ የወዳጆቹን መልእክት አብሮ ሊልክ ይችላል። ለቀረጻ ብቻ የተከፈተ ሂሳብ መጠቀም፣ ቀርጾ ሲጨርሱም ከሂሳቡ መውጣት አደጋውን በብዙ ይቀንሳል።

ምጣዱንም ማስቀመጥ

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች ውስጥ 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ እንዳልቻሉ ገልጿል። መቀረጹ ግን የእነዚህን ዕጣ ግማሹን ብቻ ይፈታል፤ የሚያጫውታቸውም ማሰሻ ያረጃል። ፍላሽ የተባለው የእንቅስቃሴ ሥዕል ቴክኖሎጂ በ2020 ማብቂያ ሲቋረጥ፣ በእርሱ የተሠሩ ጨዋታዎችና ትምህርቶች ተቀርጸውም ሳለ ድንገት ድዳ ሆኑ። ራፍል የተባለ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ፕሮግራም ዛሬ ብዙዎቹን መልሶ ያንቀሳቅሳል። ኒው ዮርክ የሚገኘው ራይዞም የተባለ የዲጂታል ጥበብ ተቋም ደግሞ በ2015 ባስተዋወቀው አገልግሎት፣ እንደ ኔትስኬፕ ያሉ የ1990ዎቹ ማሰሻዎች በዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ተመስለው የዘመናቸውን ገጽ ራሳቸው እንዲከፍቱ አድርጓል።

በአህጉሩ ትልቁ የዚህ ዓይነት ስብስብ ባለቤት ከሆኑት ተቋማት የግብጹ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሳል፤ በ2002 ሲመረቅ ከ1996 እስከ 2001 የተቀረጹ ገጾችን ቅጂ ከኢንተርኔት አርካይቭ ተቀብሏል። መሣሪያዎቹ ግን ዛሬ በትልልቅ ተቋማት እጅ ብቻ አይደሉም። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ከአንድ ሺህ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ከዩክሬን ውጭ ሆነው፣ የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዘክር ድረ ገጾችን ሰርቨሮቹ ከመጥፋታቸው በፊት ቀርጸዋል። ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች መካከል በነፃ የሚገኙት የዌብሪኮርደር ሥራዎች ይገኙበታል።

ፊደሉ የተዘበራረቀው የአማርኛ ገጽም ሊድን ይችላል። የተጻፈበት ፎንት ከተገኘና በማጫወቻው በኩል ለማሰሻው ከተሰጠ መስመሮቹ ያለ አንዳች ለውጥ መነበብ ይጀምራሉ። የትኛው ሆሄ የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካለ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ተገልብጦ በፍለጋ ሊገኝ ይችላል። ሰንጠረዡ ግን ከፎንት ፎንት ይለያያል፤ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ የቀድሞዎቹን ከአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚጭን ሰው እየቀነሰ ሄዷል። ዛሬ የሚፈለጉ ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚታሰበው በአሮጌ ማተሚያ ቤቶች ኮምፒውተሮች፣ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ በቀሩ ዲስኬቶችና ሲዲዎች ላይ ነው።